ሽታ የሌለው ማደያ

ጥቅምት 4

ይድረስ ለማከብርዎና ለምሳሳልዎ አጎቴ፣

ጤናዎን፣ ጉልበትዎንና ያንን ግቢ የሚያናውጥ ሳቅዎን ከሩቅ ሆኜ እየተመኘሁ እንደምን ከረሙ እላለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ከብርዱ በቀር ፊት የሚነሳኝ የለም።

ስልኩ ይቅርና ጻፊልኝ ካሉኝ ወዲህ ይህ ሰባተኛው ደብዳቤዬ ነው። እውነቱን ልንገርዎ፣ መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። ጆሮዎ አልሰማ እያለ፣ እኔ አንድ ስናገር እርስዎ ሌላ ሲመልሱ፣ በመሃል የግቢዎ ጎሚስታ ስልኩን ነጥቆ "ደህና ነሽ ወይ ነው የሚሉሽ" ሲለኝ የጀመርኩትን ትቼ እዘጋው ነበር። አሁን ግን ደብዳቤውን ወድጄዋለሁ። አራት ሳምንት ቢፈጅም የእርስዎን ነገር በሰው አፍ ሳይሆን በራስዎ እጅ አገኘዋለሁ።

ስለ ሥራሽ በደንብ ንገሪኝ ብለው ነበር። እንግዲህ አሁን አራተኛውን ማደያ እየሠራን ነው። ማደያ ስልዎ የእርስዎን ዓይነት እንዳይመስልዎ፤ ቤንዚን የለም፣ ናፍጣም የለም። መኪናው የሚሞላው ሃይድሮጂን የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም፣ እንደ እሱ የቀለለ ነገርም የለም። መኪናው ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይሆናል፤ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። ጎሚስታው ይህን ሲሰማ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። ይሳቅ።

የእኔ ድርሻ ቧንቧ ማገጣጠምና መፈተሽ ነው። ጋዙ በኃይል ተጨምቆ ነው የሚቀመጠው፤ መኪና ጎማ ውስጥ ያለውን ግፊት ሦስት መቶ ጊዜ ያጥፉት። ስለዚህ እያንዳንዱን ማያያዣ በልኩ አጠብቃለሁ። ከላላ ይተነፍሳል፣ ከልክ በላይ ከጠበቀ ይሰነጠቃል። ከዚያ የሳሙና ውሃ እቀባና አረፋ ይወጣ እንደሆነ እያየሁ እቀመጣለሁ። ጎሚስታው የተበሳ ጎማ ሲፈትሽ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ይህን ለመማር ነው ወይ ባሕር የተሻገርሽው እንዳይሉኝ።

አንድ ደግሞ የሚያስቅዎ ነገር አለ። ይህ ጋዝ በቀን ብርሃን ሲነድ ነበልባሉ አይታይም። ሙቀት የሚያይ ካሜራ አለን፤ አለቃችን ግን የድሮ ሰው ናት፣ ካሜራ ብቻውን አያሳምናትም። ወደተጠረጠረ ቧንቧ ስንሄድ ረጅም መጥረጊያ ወደፊት ዘርግተን እንድንራመድ ታደርገናለች። የመጥረጊያው ጫፍ ድንገት ከተቃጠለ እሳቱ እዚያ አለ፣ ቁሙ ማለት ነው። ሄልሜት አድርጌ፣ መጥረጊያ ይዤ፣ ባዶ አየር እየጠረግሁ ስሄድ ቢያዩኝ ልጄ አበደች ይሉ ነበር።

ይህን ማደያ ስጨርስ እመጣለሁ ብዬዎት ነበር። አምስተኛው ደግሞ ተፈርሟል። ለሁለት ዓመት ብዬ ወጥቼ ይኸው ስድስተኛው ገባ፤ አፍሬ ነው የምጽፈው። የግራው ፓምፕ ተጠገነ ወይ? ስለ ግቢው ሁሉንም ይጻፉልኝ፣ የማይረባውንም ጭምር።

መፍቻዎ

ኅዳር 9

ለልጄ፣ ለመፍቻዬ፣

ደብዳቤሽ እጄ ገብቷል። እጅሽን ከስለት፣ ዓይንሽን ከብልጭታ፣ ልብሽን ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ቢያኮርፍም።

አሁንም በዚያ ስም መፈረምሽ ደስ ብሎኛል። ቁመትሽ ከፓምፑ ወገብ ሳይደርስ መፍቻ አቀባዬ ነበርሽ፤ አሥራ ሁለት ቁጥር ስልሽ አሥራ ሁለት፣ አሥራ አራት ስልሽ አሥራ አራት። እናትሽ ካረፈች በኋላ ለወራት አልናገር ብለሽ እንኳ ቁጥሩን አትስቺም ነበር።

ሦስት መቶ እጥፍ ያልሽውን ለጎሚስታው አነበብኩለት። አንድ ጊዜ የከባድ መኪና ጎማ ፈንድቶበት ለሳምንት ጆሮው ሲጮህ እንደነበር ታስታውሻለሽ። መዶሻውን አስቀመጠና "ልጅቷ ይህን ታቅፋ ነው የምትውለው?" አለ። ውሃ ይወጣል ያልሽውን ግን አላመነም። መጥረጊያውን ሰምቶ ደግሞ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ቤንዚንን በአፍንጫዬ ነው የጠበቅሁት፤ የት ጋ እንዳፈሰሰ፣ ማን ጋሪው ላይ እንዳንጠባጠበ፣ ከውሃ የተቀላቀለውን ሳይቀር በሽታው አውቀዋለሁ። የማይሸትና የማይታይ ነገር አጠገብ መዋልሽን ሳስበው ቀልቤ ይገፈፋል።

የግራው ፓምፕ አልተጠገነም፣ አልሞተምም። እንደኔ ነው። አሽከርካሪዎቹ ቀንሰዋል፤ አዲሱ መንገድ በወዲያ በኩል ወስዷቸዋል። ግድ የለም፣ እረፍት ነው። ደንበኛችን የነበረው የአሸዋ መኪና ሹፌር ግን አሁንም ዞሮ ይመጣል፤ ነዳጁን ሳይሆን ጨዋታውን ፈልጎ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንቺ የምትሠሪው ዓይነት ማደያ ምን ያህል ግቢ ይበቃዋል? ከመኖሪያ ቤት ምን ያህል መራቅ አለበት? ደግሞስ ድርጅታችሁ ወደሌላ አገርም ሄዶ ይሠራል ወይ? ለምን ይጠይቃሉ እንዳትዪኝ፤ ለወሬ ነው።

ስለ መምጣትሽ አትጨነቂ። ሥራ ሥራ ነው።

አጎትሽ

ታኅሣሥ 12

ለክቡር አጎቴ፣

ከእኔ ዕድሜ ተቀንሶ ለጉልበትዎ ይጨመርልዎ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ አንዴ ለወሬው፣ አንዴ ለሳቁ፣ አንዴ ለእጅ ጽሑፍዎ።

ለጥያቄዎ ልመልስ። እንደ እርስዎ ግቢ ያለ ቦታ በደንብ ይበቃል፤ እንዲያውም ይተርፋል። ጋዙ የሚቀመጥባቸው ሲሊንደሮች በወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ይከለላሉ። ከመኖሪያ ቤት የሚርቁበት ልክ እንደየአገሩ ደንብ ነው። ጣሪያው ዝም ብሎ ዝርግ አይሆንም፤ ጋዙ ወደ ላይ ስለሚሮጥ ጥግ ካገኘ ይጠራቀማል። ማምለጫ ካለው ግን ዓይን ጨፍነው ሳይገልጡ ሽቅብ ነው፣ እንደ ቤንዚን መሬት ለመሬት እየተሳበ እሳት አይፈልግም። ስለዚህ በእኔ በኩል አይስጉ። ድርጅቱም ሌላ አገር ይሄዳል። አንድ ቡድን ተልኮ ዓመት ግድም ይቀመጣል። ምነው፣ ሊወዳደሩን አሰቡ?

እዚህ የምኖርበት ክፍል አራተኛ ፎቅ ላይ ናት። መስኮቷ ወደ ሌላ መስኮት ነው የምታየው። ማዶ ያለችው ሴትዮ አበባ ታጠጣለች፣ እኔ የሥራ ጫማዬን እጠርጋለሁ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ እጅ ተነሣሥተን አናውቅም። በሥራ ቦታ ደግሞ ሁሉም ደህና ሰዎች ናቸው። ግን ሲቀልዱ እኔ የምስቀው ትንሽ ዘግይቼ ነው፤ ቀልዱ በቋንቋቸው ገብቶ በእኛ እስኪወጣ።

ባለፈው ሳምንት ምን ሆንኩ መሰልዎ? ከሥራ በእግሬ ስመለስ አንድ አሮጌ የቤንዚን ማደያ ጋ ደረስኩ። ሰውየው ቀድቶ ቱቦውን ሲመልስ ጥቂት ጠብ አለ። ሽታው መጣ። ቆሜ አየሩን ሳብኩ። ሰውየው ምን ፈልገሽ ነው ብሎ ጠየቀኝ። መኪና የለኝም፣ ጀሪካን የለኝም፤ ምን ልበለው? "የአጎቴን ልብስ ነው የሚሸተው" ማለት አፍሬ መንገድ ጠፍቶኝ ነው አልኩት። እሱም ደግ ሰው ነው፣ መንገዱን አሳየኝ፤ የማውቀውን መንገድ።

ናፍቀውኛል፣ አጎቴ። ሌላ የምለው የለኝም።

መፍቻዎ

ጥር 20

ለልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ፣ መንገድሽ ይቅና። ደብዳቤሽን ካገኘሁ ሰንብቷል፤ የዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው።

ሥራው ምን መሰለሽ፤ የኋለኛዋን ክፍል ቀለም አስቀባኋት። ዝናብ አበላሽቷት ነበር። ነጭ ልላት አሰብኩ፣ ጎሚስታው ነጭ የክሊኒክ ነው አለኝ፣ ቢጫ ሆነች። በሯም ትጮኽ ነበር፣ ዘይት ቀባኋት። እኔ ጩኸቷን አልሰማም፣ ግን ሌላ ሰው ቢገባባት እንዳትረብሸው።

የአሸዋ መኪናው ሹፌር ጡረታ ወጣ። ሊሰናበተኝ መጥቶ ታንከሩን ሙሉ አስሞላ፤ ነገ መኪናውን ለሌላ ሊያስረክብ ነው እኮ። ሁለታችንም ስለዚያ አላነሳንም።

ደግሞ ይህቺ አለቃሽ እንዴት ያለች ሰው ናት? ሰው ስትመድብ ዝም ብላ ነው የምትመድበው ወይስ ፈቃዱን ትጠይቃለች? ስትጽፊልኝ እንዳትረሺ።

ከብርዱ ተጠንቀቂ። ደረትሽን ሸፈን አድርጊ።

አጎትሽ

የካቲት 18

ለአጎቴ፣

በጤና ያግኝዎት። ሰላምታዬን ያሳጠርኩት ፍቅር ጎድሎኝ ሳይሆን የሰማሁትን ቶሎ ልጠይቅዎ ስለቸኮልኩ ነው።

ትናንት አለቃዬ ቢሮዋ ጠርታኝ ጠረጴዛው ላይ ካርታ ዘረጋች። ወደ አገርሽ ልንሄድ ነው፣ የመጀመሪያውን ማደያ ልንሠራ፤ የቧንቧውን ቡድን አንቺ ምሪ አለችኝ። ተደስቼ ሳልጨርስ ፎቶግራፎቹን አወጣች። ሁለቱ ፓምፖች። የቆርቆሮው ጣሪያ። ጎሚስታው ጎማ ላይ ተቀምጦ። ፎቶግራፎቹን መልሼ ወደ እሷ ገፋሁ። ሌላ ቦታ ፈልጉ አልኳት። "ባለቤቱ እኮ ፈርመዋል፤ አሮጌው ሁሉ ይነሳል" አለችኝ።

አጎቴ፣ ማን አስገደደዎ? ሰው ፈርተው ነው? ገበያው እስከዚህ ወርዶ ነው? ግቢ ምን ያህል ይበቃል ብለው ሲጠይቁኝ እንደ ጅል በሜትር መለስኩልዎ። በእነዚያ ሁለት ፓምፖች ነው ያሳደጉኝ፣ በእነሱ ነው ያስተማሩኝ። ታዲያ እኔ ነኝ በመፍቻ ፈትቼ፣ በክሬን አስነስቼ የምጥላቸው? እርስዎ ወንበርዎ ላይ ተቀምጠው እያዩኝ?

አልሄድም አልኳት። አሰቢበት ብላኝ ነበር፤ እዚያው መለስኩ። በእኔ ቦታ ከእኔ የተሻለ ሰው እንዲላክ አደረግሁ፣ ቢያንስ ሥራው እንዳይበላሽብዎ። እኔ ደግሞ ወደብ ላይ ላለው ማደያ ፈረምኩ። ከዚህም ይርቃል። ሁለት ዓመት ነው።

ተቆጥቼ አይደለም የምጽፈው። ተቆጥቻለሁም። ለምን እንዳልነገሩኝ ብቻ ይጻፉልኝ።

መፍቻዎ

የካቲት 21

ለልጄ፣ ለመፍቻዬ፣ ለዓይኔ፣

ሰላምሽ እንደ ጠዋት ፀሐይ ይፍካልኝ። ዛሬ በትልቁ ነው የምጽፈው፣ ደስ ብሎኛልና።

እስካሁን ሳይነግሩሽ አይቀርም፤ ካልነገሩሽም እኔ ልንገርሽ። ግቢውን ለእናንተ ሰጠሁት። በመስከረም ነው ሦስት እግር ያለው መሣሪያ ይዘው መጥተው የለኩት። አንድ መሐንዲስ ነበር፣ ትሁት ሰው፣ ጆሮዬ እንደማይሰማ ሲያይ የሚለውን ሁሉ ወረቀት ላይ ይጽፍልኛል። ቦታው በዚህ ጋዝ ለሚሄዱት አዲስ አውቶቡሶች መዞሪያ ይመቻል አለኝ። እኔም አይሆንም አልኩት። ሁለተኛ መጣ፣ አይሆንም። ሦስተኛ ሲመጣ አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ ቧንቧውን የሚያስሩት እነማን ናቸው? ከዚያው ከዋናው ድርጅት ይላካሉ ብሎ ጻፈ። ስምሽን ነገርኩት። ሳቀና ብዕሩን አነሣ፤ "እሷንማ ነው መጀመሪያ የምንጠይቃት። ወደ አገሩ መመለስ ማን ይጠላል?" ብሎ ጻፈልኝ። ያንን ወረቀት አልመለስኩለትም፣ ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያው በቆምኩበት ፈረምኩ።

ሥራው አሥር ወር ይፈጃል አሉ። አሥር ወር ሙሉ ጠዋት ተነሥቼ በሩን ስከፍት ግቢዬ ውስጥ ትሆኛለሽ። ቢጫዋ ክፍል ያንቺ ናት፤ ዝናቡን ሰበብ አድርጌ ዋሽቼሻለሁ። አልጋ ገዛሁ። ጎሚስታው ተኝቶ ሞክሮታል፣ ይመቻል ብሏል፤ ጫማውን ሳያወልቅ ስለሆነ አንሶላውን አሳጥቤዋለሁ።

አስቀድሜ ያልነገርኩሽ በእኔ ምክንያት እንዳትመጪ ብዬ ነው። ሽማግሌ አጎቴ አሳዘነኝ ብለሽ ሳይሆን በሥራሽ፣ በክብርሽ፣ ሄልሜትሽን አድርገሽ እንድትመጪ ነው የፈለግሁት።

ፓምፖቹን አንቺ ብትፈቻቸው ደግሞ ደስ ይለኛል። ብሎናቸውን ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ።

አጎትሽ

መጋቢት 25

ለአጎቴ፣

ምን ብዬ ሰላም እንደምልዎ አላውቅም።

ደብዳቤዎ የደረሰኝ ሻንጣዬን አስሬ ለወደቡ ባቡር ስጠብቅ ነው። አንሶላው ጋ ስደርስ ጣቢያው ውስጥ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ አለቀስኩ። የእኔን ደብዳቤ በዚያው ሰሞን እንዳገኙት ገባኝ። እርስዎ አልጋ ሲያነጥፉልኝ እኔ አልመጣም ብዬ ስጽፍልዎ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እርስዎም ይቅር ይበሉኝ።

ወደ አለቃዬ ሮጥኩ። እኔን ተክቶ የሚሄደው ሰው ሄዷል፤ እዚያ ሌላ የመሪ ቦታ የለም። ውሌን አፍርሼ በራሴ መሄድ እንደምችል፣ ግን የመሪነት ፈቃዴን እንደማስረክብ ነገረችኝ። እዚያም ብቀጠር ከሰውየው ሥር ሆኜ ማያያዣ አጥባቂ ነኝ። ያንን ፈቃድ ለማግኘት አራት ዓመት ፈጅቶብኛል። ለፈቃዱ ግድ የለኝም ብዬ አልዋሽዎትም። ግድ አለኝ።

አሁን አንድ ነገር ልናገር፣ ድፍረት ከሆነ ይቆጡኝ። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ነይ ብለውኝ አያውቁም። አብረውኝ የሚሠሩት እናቶቻቸው በየሳምንቱ መቼ ነው የምትመጣው እያሉ ያሰለቿቸዋል። እኔ እነሱን እየሰማሁ እቀናለሁ። የእኔ ደብዳቤ ሁሌ ሥራ ሥራ ነው ብሎ ያልቃል። አንዳንድ ቀን፣ ተገላግለው ይሆን እንዴ፣ የሰው ልጅ ማሳደግ ከብዷቸው ነበር ይሆን፣ እያልኩ አስባለሁ። ይህን በመጻፌ አፍራለሁ፣ ግን አስቤዋለሁ።

ስለዚህ ግቢ መስጠት፣ ክፍል መቀባት ይቅር። ነይ ይበሉኝ። ነይ ካሉኝ ውሉን አፈርሳለሁ። ቅሪ ካሉኝም እቀራለሁ፣ ሁለት ዓመቴንም በሰላም እሠራለሁ። ዝም ካሉኝ ግን እንዴት እንደምሆን አላውቅም።

መፍቻዎ

ግንቦት 6

ለአጎቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከመጋቢት ወዲህ አልጻፉልኝም።

ወደቡ ነፋስ ብቻ ነው። መጥረጊያ ይዘን ስንራመድ ነፋሱ ከእጃችን ሊወስደው ይታገለናል። ከሥራ ስመለስ መጀመሪያ የማየው የፖስታ ሳጥኑን ነው። ትናንት የውሃ ቆጣሪ ወረቀት ነበረበት፤ የእርስዎ መስሎኝ ደረጃውን በሩጫ ወጣሁ።

ለጎሚስታው ደወልኩለት። ደህና ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ ወንበራቸው ላይ ሆነው ሠራተኞቹን ያያሉ አለኝ። ደብዳቤዬ ደርሷቸዋል ወይ ስለው "ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ነው፣ አንዴ ያወጡታል፣ አንዴ ይመልሱታል" አለኝ። ታዲያ ምን አሉ? "ምንም አላሉም። እኔም ልጠይቃቸው ፈራሁ።"

እሱ ከፈራ እኔ ምን ልሁን?

ልጅዎ

ሰኔ 3

ለልጄ፣

እንባሽን ያብስልኝ፣ ያስለቀሰሽንም ሽማግሌ ይቅር ይበለው። ታምሜ አይደለም የዘገየሁት፤ መጻፍ አቅቶኝ ነው። አልሄድም ያልሽው ደብዳቤ በመጋቢት ደርሶኝ፣ አንብቤ አጥፌ፣ አንብቤ አጥፌ ወሩ አለቀ። ሁለተኛው ሲመጣ ደግሞ ባሰ።

መጀመሪያ ግቢውን ልንገርሽ፤ ማወቅ ስለምትፈልጊ። ፓምፖቹን አንቺን ተክቶ የመጣው ሰው ፈታቸው። የቀኙ ቶሎ ወጣ። የግራው ብሎን አልላላ አለና ሰውየው ላቡ ጠብ ጠብ አለ። አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነው፣ ግማሽ ዙር ወደ ማጥበቅ ገፍተህ ነው የምትፈታው ልለው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ክፋት ነው፣ አውቃለሁ። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሌላ ሰው እንዲያውቀው አልፈለግኩም።

ሰውየው ግን ጎበዝ ነው። የሳሙናውን ውሃ ቀብቶ አረፋ ሲጠብቅ እንዳንቺ ትንፋሹን ይይዛል። የደኅንነት ጫማ የለዎትም ብለው ከከለሉበት ገመድ ወዲያ አያሳልፉኝም ነበር፤ በኋላ ጫማ አመጡልኝ፣ አንድ ቁጥር ይበልጠኛል። ዋናው ሥራ ገና ሰባት ወር ቢቀረውም፣ ባለፈው ማክሰኞ የመጀመሪያው አውቶቡስ ከጊዜያዊው መሙያ ለሙከራ ሞልቶ ወጣ። ከሥሩ ውሃ ጠብ አለ። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ አየው፣ በሱሪው ጠረገው። የእሱን ፊት ለማየትም በደረስሽ። አሁን ግቢው ምንም አይሸትም። እጄንም አሸተትኩት፣ የሳሙና ብቻ ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት አልለቅ ያለኝ ነገር በሦስት ወር ጠፋ።

አሁን ወደጠየቅሽኝ ልምጣ። ተገላግለው ይሆን ያልሽው ቆርጦኛል፤ ግን አንቺ ሳትሆኚ እኔ ነኝ ጥፋተኛው። የማታውቂው ነገር አለ። እናትሽ አንቺን ከመውለዷ በፊት እንዳንቺ ውጭ ሄዳ ነበር። መድኃኒት ቅመማ ልትማር። ሁለተኛ ዓመቷ ላይ እናታችን ታመመች፣ እኔም ፈራሁ፤ ብቻዬን ነበርኩ። ወረቀት አነሣሁና ነይ ብዬ ጻፍኩላት። ሌላ ምንም አልጻፍኩም፣ ያንን ቃል ብቻ። ሁሉን ጥላ መጣች። እናታችን በሁለት ወሩ ዳነች። የእናትሽን የትምህርት ቦታ ግን ለሌላ ሰጥተውት ነበር። ከዚያ በኋላ አልሆነላትም፤ እዚሁ ቀረች፣ አንቺን ወለደች፣ ሱቅ ቆመች። አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ የተሸፈነ የመድኃኒት መጽሐፏን ይዛ ገጹን ሳትገልጥ ተቀምጣ አገኘኋት። ምን ታደርጊያለሽ ስላት "ስሞቹን እንዳልረሳቸው ነው" አለችኝ።

አንቺን ስሸኝሽ ለራሴ ማልኩ። ለዚህች ልጅ ያንን ቃል አልጽፍም፣ ብሞትም አልጽፍም አልኩ። ሥራ ሥራ ነው እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ ያ ነው። ነይ ሳልል እንድትመጪልኝ ስፈልግ ነው ይህን ሁሉ ዙሪያ የዞርኩት፤ ግቢውን እስከመስጠት ድረስ። አንቺም ለእኔ ብለሽ እምቢ አልሽ። ሁለታችንም ለሌላው ስናስብ ይኸው እያንዳንዳችን ብቻችንን ቀረን።

እውነቱን እወቂው። ለአንቺ የሚበጅሽ መቅረትሽ ነው። ፈቃድሽን አስረክበሽ ማያያዣ አጥባቂ ሆነሽ መምጣት ለአንቺ ምንም አይጠቅምሽም፤ ማንም ቢጠይቀኝ ይህንኑ እላለሁ። ስለዚህ ለአንቺ ብዬ እንደጻፍኩት አድርገሽ እንዳታነቢው። ለእኔ ነው። ሰባ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ግቢዬ ከቶ እንዲህ በሰው ሞልቶ አያውቅም፤ ሁሉም ደጎች ናቸው፣ ሁሉም እጅ ይነሱኛል፣ አንዳቸውም አንቺ አይደሉም። ጠዋት ቢጫዋን ክፍል ከፍቼ ነፋስ አስገባባታለሁ፣ ማታ መልሼ እዘጋታለሁ።

ቅር ካለሽ አትምጪ፤ አልቀየምሽም። ግን አልጠየቀኝም እንዳትዪ። ይህን ቃል ሦስት ወረቀት ላይ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። ይህን አልቀደውም።

ነይ።

አጎትሽ